ጋቢ የለበሰው አምፕሊፋየር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ከሸነን ከተማ የአባቷን አሮጌ ሬዲዮ በኩርቱ ፌስታል ጠቅልላ ሱቄ ድረስ ይዛ መጣች። "ይሰራ እንደሆነ እይልኝ፤ ካልሰራም እንዳትጥለው" አለችኝ። ሶኬት ላይ ሰካሁት። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ከጀርባው በቀዳዳዎቹ በኩል ብርቱካናማ ብርሃን ቀስ እያለ ፈካ፤ ከብርሃኑ ጋር ደግሞ ያ ሽታ መጣ። የሞቀ አቧራ ሽታ። ስንት ዓመት ተኝቶ የኖረ አቧራ ድንገት ሲሞቅ የሚያመጣው፣ መቃጠልም ያልሆነ፣ መጥበስም ያልሆነ ሽታ።

"ተቃጠለ እንዴ?" ብላ ወደ በሩ አፈገፈገች።

"ኧረ እየነቃ ነው" አልኳት። አልኳት እንጂ ሐሳቤ ያን ሰዓት ሱቄ ውስጥ አልነበረም።

አንተ ይሄን ሽታ አታውቀውም፤ ያደግከው በሞባይል ነው። ሞባይል ሲበላሽ ዝም ነው የሚለው። ድሮ የነበሩት ግን፣ እነዚያ በመስታወት ቱቦ የሚሰሩት፣ ሲነቁም ሲሞቱም ያስታውቃሉ። እኔ ከእንደነዚህ ዓይነቶቹ አንዱን በደንብ አውቀው ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የጊታር አምፕሊፋየር ነበር።

ያን ጊዜ የወጣቶች ኳየር ውስጥ ነበርኩ። ወጣት ስልህ እንዳትስቅ። ፀጉሬ ከፊት ለፊት መሸሽ ጀምሯል፤ ግን አላገባሁም፤ እኛ ጋ ደግሞ ያላገባ ሰው እስኪያገባ ድረስ ወጣት ነው። ድምፄ ምን እንደሚመስል ካስፈለገህ፣ የኳየሩ መሪ አንድ ቀን ጠጋ ብላ "ወንድሜ፣ አንተ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ፤ ጌታ ልብህን ያያል" ብላኛለች። ጊታርም እሞክር ነበር፤ እሱን ባናነሳው ይሻላል። ነገር ግን ያለ እኔ ኳየሩ ከቦታው አይነቃነቅም ነበር። ገመድ የምጠቀልለው እኔ፣ ስፒከር የምሸከመው እኔ፣ ማይክ ሲጮህ ሁሉም ዞሮ የሚያፈጥጠው እኔ ላይ። አምቦ ውስጥ ያቺን ጠባብ የሬዲዮና የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ከፍቼ ስለነበር፣ ኤሌክትሪክ ያለው ነገር ሁሉ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

አምፕሊፋየሩን ድሮ የነበሩ ፈረንጅ ሚስዮናውያን ናቸው ትተውት የሄዱት። ትንሽ የልብስ ሻንጣ ያክላል፤ እንደ ሻንጣም እጀታ አለው። ፊቱ ላይ ቡናማ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ጀርባ ስፒከር፣ ከላይ ጥቂት መጠምዘዣዎች። ለእኛ ስሙ "ሳጥኑ" ነበር። ሳጥኑ በስም የቤተ ክርስቲያኑ ይሁን እንጂ በእውነቱ የባርሲሳ ነበር።

ባርሲሳ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። ከተማው በሙሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። ለልጆቹ ሒሳብ ያስተምራሉ፤ እኔንም አስተምረውኛል፤ ውጤቴን እንዳትጠይቀኝ። እሁድ እሁድ ደግሞ ጊታር ይጫወታሉ። ሳጥኑ ቤታቸው ነበር የሚያድረው። ባለቤታቸው፣ አዴ የምንላቸው፣ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ በነጭ ክር የሰሩትን ዳንቴል ያለብሱታል። እንግዳ ቤት ገብቶ ቴሌቪዥን መስሎት ስንት ጊዜ "ዜናውን ክፈቱልን" ብሏል።

ድምፁን እንዴት ብዬ ልንገርህ? ባርሲሳ ቀጭኗን ክር ሲነኳት ጠርታ ትወጣና ጠርዟ ላይ ትንሽ ሙቀት ይዛ፣ አዳራሹን ዞራ፣ ከኋላ በሩ ጋ የቆሙት ሰዎች ዘንድ ስትደርስም ያው ናት። አትጮህም። ጆሮህ ድረስ መጥታ ነው የምትነግርህ። እናቶች አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉት ገና መዝሙሩ ሳይጀመር፣ በዚያች መግቢያ ላይ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ባርሲሳ ሳጥኑን በባጃጅ ጭነው ሱቄ መጡ።

"ጉርባ" አሉኝ። ልጅ ማለታቸው ነው፤ ጢሜ እየሸበተም ጉርባ ነበርኩ። "ሳጥኑ ታሟል።"

"ምኑን አመመው፣ ባርሲሳ?"

"ድምፁ አድሮ ጋዙ የወጣ አምቦ ውሃ ሆኗል። ቀጭኗ ክር ጨርሳ ጠፍታለች።"

ሰካሁት፤ ነካካሁት። ለእኔ ደህና ነበር። ግን እኔ ማን ነኝ? ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ የተባልኩ ሰው ነኝ። ባርሲሳ ታሟል ካሉ ታሟል።

መጀመሪያ የጠረጠርነው፣ እንደማንኛውም አምቦ የሚኖር ሰው፣ መብራቱን ነበር። አመሻሹ ላይ ቤቱ ሁሉ ምድጃ ሲጥድ መብራቱ ይደክማል፤ አምፖሉ ቢጫ ይሆናል፤ ፍሪጅ ያቃስታል። እንኳን ያ አሮጌ ሳጥን፣ ሰውም ይደክመው ነበር። "ኃይል አንሶት ነው" አልኩ በሙሉ ልብ። የኳየሩን ልምምድ በእኔ ምክር ከምሽት ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዞሩት፤ ተማሪዎቹ ከክፍል እየቀሩ፣ የቢሮ ሠራተኞቹ አለቃቸውን እየዋሹ መጡ። እኔ ከሱቄ ኃይል የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ተሸክሜ ሄድኩ። መሪዋ ገና ገመዱን ሳልሰካ "ዛሬ ካልሰራ አንተን ነው የምንሰካው" አለችኝ።

ባርሲሳ ተጫወቱ፤ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "ያው ነው" አሉ።

ቀጥሎ ቱቦዎቹን ጠረጠርን። የመስታወት ቱቦ እንደ አምፖል ነው፤ ያረጃል። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ከአሮጌ ሬዲዮ እየፈታ የሚሸጥ ሰው አገኘሁና በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላከልኝ። ያ ደግሞ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት የነበረበት ጊዜ ነው። ቱቦዎቼ ጊንጪ ላይ ተይዘው ቀሩ። ባርሲሳ በየቀኑ ሱቄ በር ላይ ብቅ ይሉና ምንም ሳይናገሩ ቅንድባቸውን ያነሳሉ፤ እኔም "ጊንጪ" እላለሁ። ከንፈሬን ያዩና ይሄዳሉ። ከንፈሬን እንደሚያዩ ያኔ ልብ አላልኩም። ሌላም ልብ ያላልኩት ነገር ነበር። ያን ዓመት ተማሪዎቻቸው "ባርሲሳ አሁን ጥያቄ በአፍ አያስመልሱም፤ ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ነው የሚያስጽፉን" ብለው ያማርሩ ነበር። እኛ ጥብቅ ስለሆኑ ነው ብለን አለፍነው።

ቱቦዎቹ መጡ፤ ቀየርኩ። ባርሲሳ ተጫወቱ። "ያው ነው።"

ያኔ ነው እኔ፣ የሞባይል ስክሪን ቀያሪው፣ ሳጥኑን ከፍቼ ልቀይረው የተነሳሁት። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ የሽማግሌ ፈረንጆችን ክርክር አነብ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው ሁሉ የድሮ አምፕሊፋየር የበለጠ እንዲያጎላ፣ ድምፁ እንዲፋፋ ማድረግ ነው፤ ስለ አንዲት ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪክ ስለምትገታ ትንሽ ዕቃ፣ ሲጣሉ ስለ መሬት ድንበር የሚጣሉ ነው የሚመስለው። የገባኝን ያህል ነገሩ ይሄ ነው፦ ጊታሩ የሚልከው ድምፅ በጣም ትንሽ ነው፤ መጀመሪያ ተቀብላ የምታሳድገው አንዲት ቱቦ አለች። በእሷ እግር ስር ያለችው ሬዚስተር ጎን አንድ ካፓሲተር ብታስርላት፣ ያቺ ቱቦ ልጓሟ ይላላል። ትንሹን ድምፅ ትልቅ አድርጋ ነው የምታሳልፈው። ከዚያም በላይ ከፈለግክ ሌላ ሬዚስተር ትቀይራለህ፤ ከዚያም በላይ ከፈለግክ ሌላ። መጨረሻ የለውም።

የመበየጃ ካውያዬን አጋልኩ። ፈረንጆቹ "ጠፍቶም ይነክሳል" ብለው በትልልቁ ጽፈው ነበር፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪኩን አቁረው ስለሚይዙ። አንብቤዋለሁ። አንብቤም ነካሁት። ከበርጩማዬ ላይ አንስቶ ከግድግዳው ጋር አስተዋወቀኝ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሮጦ መጥቶ መሬት ላይ ሲያየኝ "ተው፣ ዕዳ እያለብህ አትሙት" አለኝ።

የመጀመሪያዋን ካፓሲተር አሰርኩ። ማጣበቂያው ስታኞ ቀልጦ ሲረጋ እንደ አዲስ እንባ ያብረቀርቅ ነበር። ባርሲሳን ጠራኋቸው፤ ቁጭ ብለው ተጫወቱ። ድምፁ ወፈረ፤ ትንሽ ሻካራም ሆነ። ፊታቸው ግን አልተቀየረም።

"ኢቲ ደበሊ" አሉኝ። ጨምርበት ማለት ነው።

ጨመርኩበት። በሚቀጥለው ሳምንት ሬዚስተሯን ቀየርኩ። "ኢቲ ደበሊ።" ሌላውንም ቀየርኩ። እሁድ አዳራሹ ውስጥ ባርሲሳ የመጀመሪያዋን ክር ሲነኩ የወጣው ድምፅ ጊታር አልነበረም፤ ጊንጪ ዳገት ላይ ማርሽ ያልገባለት አይሱዙ ነበር። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቀልድ የማያውቁ የሚመስሉት፣ ከአገልግሎት በኋላ ወደ እኔ መጥተው በጣም በዝግታ "ጉርባ፣ ይሄ ሳጥን ልሳን ጀመረው እንዴ?" አሉኝ። "ከጀመረውም የሚተረጉም ያስፈልገዋል።"

መሪዋ ደግሞ በቀጥታ ነገረችኝ። "ወይ ሳጥኑን ዝም አሰኘው፣ ወይ ባርሲሳን አንተ ንገራቸው። እኔ አልነግራቸውም። እኔ መዘመር የጀመርኩት እሳቸው እጄን ይዘው መድረክ ላይ ስላወጡኝ ነው።"

የሚነገራቸው ነገር ምን እንደሆነ ግን ሁለታችንም አናውቅም ነበር። እኛ የምናውቀው በጉደር ትልቁ ጉባኤ መድረሱንና ከየከተማው ኳየሮች እንደሚመጡ ነው። ባርሲሳ በዚያ ጉባኤ መክፈቻ ላይ በየዓመቱ ብቻቸውን መግቢያውን ይጫወታሉ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጡረታቸው ነው። ለዚያ ጉባኤ ሲሉ ነበር ሳጥኑን እንዲህ የሚያስጨንቁት።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ።

ዝናብ አባርቶ ነበር፤ ፀሐይዋ በሱቄ በር ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ አርፋለች። ፈረንጆቹ የጻፉትን የመጨረሻውን ሁሉ ሰርቼ ጨርሻለሁ። ሳጥኑን አበራሁት፤ መጠምዘዣዎቹን እስከ ጥግ አዞርኳቸው። ገና ጊታሩ ሳይነካ ዝም ብሎ እየጮኸ ነው፤ ከግንብ ውስጥ የሚመጣ የንብ መንጋ በለው። የመደርደሪያዬ መስታወት ይርገፈገፋል፤ ልብስ ሰፊው ከዚያ ማዶ ግድግዳውን ይደበድባል። ባርሲሳ ገቡ፤ ሰላም አሉኝ፤ በርጩማው ላይ ተቀመጡና ጊታራቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ በጣም በትህትና፣

"አታበራውም እንዴ?" አሉኝ።

እኔ ለሁሉም ነገር ቀልድ ያለኝ ሰው ነኝ። ለቅሶ ቤት እንኳን ሰው በጥርጣሬ ነው አጠገቤ የሚቀመጠው። ያን ቀን ግን ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ።

እሳቸውም አዩኝ። ከእኔ ፊት ላይ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ሳጥኑ ጀርባ ሄደ። ቱቦዎቹ ደምቀው በርተዋል። ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው የሳጥኑ አናት ላይ አሳረፉ፤ እጃቸው ከሳጥኑ ጋር አብሮ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

"በርቷል ለካ" አሉ።

አጠፋሁት። ጸጥታው ሱቁን ሞላው፤ ለእኔ ማለቴ ነው።

"ባርሲሳ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" አልኳቸው፤ ፊታቸው ፊት ለፊት ሆኜ፣ አፌን እየከፈትኩ።

"ሄጃለሁ" አሉ። "ከአዴ ጋር አዲስ አበባ ሄደናል። ነርቭ ነው አሉ። ቀጫጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ የሚሄደው አሉ፤ ከዚያ ሌላውም ይከተላል። ጆሮ ላይ የሚደረገው መስሚያም ብዙ አይረዳዎትም አሉኝ።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳጥኑን ለምን…?"

የጊታሩን አንገት በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

"የታመመው ሳጥኑ እንዲሆን ነበር የፈለግኩት" አሉኝ። "ሳጥኑ ከሆነ አንተ አለህ።"

እግዚአብሔር ያሳይህ፣ ይሄንን የተናገሩት ሒሳብ ስድሳ አምጥቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ሰው እንደዚያ ተስፋ አድርጎብኝ አያውቅም፤ እናቴም ቢሆን። ዞር ብዬ የማልፈልገውን ካቻቢቴ ፍለጋ መሳቢያ ከፈትኩ። ስዞር ባርሲሳ አልሄዱም። መዳፋቸው እዚያው ሳጥኑ ላይ ነው።

"መልሰህ አብራው እስቲ" አሉ።

አበራሁት። በግራ እጃቸው ሳጥኑን እንደያዙ በቀኝ እጃቸው ወፍራሟን ክር መቷት። "ይቺ እዚህ ጋ ናት" አሉ፤ የመዳፋቸውን ሥር እያሳዩኝ። ቀጥሎ ያለችውን መቷት። "ይቺ እዚህ።" ቀጭኗ ላይ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ የጣታቸውን ጫፍ አሳዩኝ። "ይቺ እዚህ ጋ ናት። ታሳክካለች።" ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሁለታችንም ብንስቅም ሱቁ ውስጥ ሳቅ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ያ እብድ የሆነው ጉልበት፣ ያ ሁሉ የጨመርኩት ነገር፣ ለጆሯቸው ምንም አላደረገም። ለእጃቸው ግን ደረሰ። ሳጥኑ በድሮው ጉልበቱ ቢሆን እንደዚያ አይንቀጠቀጥም ነበር። ስለዚህ ጉደር ላይ የእግራቸውን ጉልበት ሳጥኑ ላይ አስደግፈው እንዲጫወቱ ተስማማን። ችግሩ ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጠው ሕዝብ ነው፤ ሕዝቡ ጆሮ አለው።

መፍትሔውን ያመጡት አዴ ናቸው። ነገሩን ሳጫውታቸው ወደ ጓዳ ገቡና የባርሲሳን ወፍራም ጋቢ ይዘው ወጡ። "ልጅ ሲጮህ ምን ታደርጋለህ? ትጠቀልለዋለህ" አሉ። ስፒከሩን ከፊት በአራት እጥፍ ጋቢ ጀቦንነው፣ ጀርባው ብቻ እንዲተነፍስ ትተን አሰርነው። ድምፁ ታፍኖ የሰው ድምፅ ሆነ፤ እንጨቱ ግን ያው እንደ ወፍጮ ይርዳል። ከጋቢው ውጭ ማይክ ሰቀልኩለት።

ጉደር በዚያ ወቅት እንዴት እንደሚሞቅ ታውቃለህ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው እየተነነ ነው፤ የተረገጠ ሣር ሽታ፣ የጄኔሬተር ጭስ፣ በማራገቢያ ፋንታ የሚውለበለብ የመዝሙር ወረቀት። መሐል መድረክ ላይ ሳጥናችን ጋቢውን ደርቦ ተቀምጧል። ከሌላ ከተማ የመጣ ኳየር ወጣት ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ወባ ነው?" አለኝ። "አይ፣ ከደጋ ስለመጣ ነው" አልኩት።

ባርሲሳ ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ጊታራቸውን እኔ ነበርኩ የቃኘሁላቸው፤ ስልኬ ላይ ባለ መቃኛ። ጉልበታቸውን ሳጥኑ ጎን ላይ ሲያስደግፉ ማንም አላስተዋለም። ተጫወቱ። እመነኝ፣ ጥሩ ነበር። ጣቶቹ የት እንደሚሄዱ ያውቁታል፤ ለዓመታት የሄዱበት መንገድ ነው። እናቶቹ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

ከዚያ ወደ መዝሙሩ የሚያስገባው ቦታ ላይ ደረሱና፣ እጃቸው የጊታሩ አንገት ላይ ሁለት ፍሬት፣ ማለትም ሁለት የድምፅ ደረጃ፣ ወደ ላይ አለፈ። አላዩትም። አልሰሙትም። በአዲሱ ከፍታ፣ በሙሉ እምነት፣ "ግቡ" በሚል ዓይን ወደ ኳየሩ ዞሩ።

መሪዋ አየችኝ። እኔ ኪቦርዲስቱን አየሁት፤ ከሐዋሳ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ እኛ ጋ ከመጣ ብዙም አልቆየም። ልጁ አጎንብሶ የዜማውን ከፍታ የምትጨምረዋን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጫነና ባርሲሳ ያሉበት ቦታ ሄዶ ጠበቃቸው። ኳየሩም ተነስቶ ወጣ። ሶፕራኖዎቹ ከዚያ በፊት ሄደውበት የማያውቁት ቦታ ደረሱ። የመሪዋ የአንገት ሥር ገመድ ሆነ። ወንዶቹ አዝማቹ ላይ ሲደርሱ አቃታቸውና ሁሉም እንደ እኔ ከንፈር ብቻ ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ያን ቀን አንድ ሙሉ ረድፍ የሙያ ባልደረቦች አገኘሁ። ላባቸው እየወረደ፣ ዓይናቸው እየፈጠጠ፣ ማንም ግን ወደ ድሮው ከፍታ አልተመለሰም። ባርሲሳ ፊታቸው በርቶ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እሳቸው በመስኮቱ በኩል፣ እኔ ሳጥኑን ታቅፌ አጠገባቸው ነበርን። ከኋላችን ኳየሩ ተዳክሞ ተኝቷል። ፀሐይ ወደ ጀርባችን እየወረደች የገብሱን ማሳ ቢጫ አድርጋዋለች። ባርሲሳ ወደ እኔ ዞሩ።

"የመሪዋን አንገት አየሁት" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከፍ አድርጌባቸዋለሁ፣ አይደል?"

ቀልድ ነበረኝ። ከጉደር ጀምሮ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት፤ አንድ ስለ መንግሥተ ሰማያት ቅርበት የሚል ነገር። ዓይናቸውን ሳይ ዋጥኩት። ከሳጥኑ ላይ አንዱን እጄን አንስቼ ሁለት ጣቴን አሳየኋቸው።

ሁለቱን ጣቶች ተራ በተራ አዩ፤ ክፍል ውስጥ መልስ እንደሚያርሙት።

"ሁለት" አሉ። ወደ ኋላ ዞረው የተኙትን ልጆች አዩ። መሪዋ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ፣ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። "ተከተሉኝ" አሉ። "ማንም ትቶኝ አልተመለሰም።"

ከዚያ አምቦ እስክንገባ ማሳውን ነበር የሚያዩት። ከመውረዳቸው በፊት ብቻ "ሳጥኑን እንደነበረው መልሰው። ለሚሰሙት ሰዎች ነው የተሰራው" አሉኝ። ያ የጉደሩ እሁድ በመድረክ የተጫወቱበት የመጨረሻው ነበር። ለማንም አልተናገሩም፤ የሚቀጥለው እሁድ ከአዴ ጋር ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

አሁን ባርሲሳ የሉም። ኳየሩም ሌላ ነው፤ ልጆቹ በስልክ የሚታዘዝ ትንሽ ጥቁር ነገር አላቸው፤ የፈለጉትን ድምፅ ያወጣል። መሪዋ አግብታ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። እኔም አግብቼ ከወጣትነት በይፋ ተሰናበትኩ።

ያኔ ግን ሳጥኑን መለስኩት። ያሰርኩትን እየፈታሁ፣ የቀየርኩትን እየመለስኩ። የድሮዎቹን ዕቃዎች በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጬያቸው ነበር፤ በጥበብ ሳይሆን ሱቄ ውስጥ ምንም ነገር ስለማይጣል። ስጨርስ ባርሲሳ መጡ። ሳጥኑ በርቶ አገኙት፤ ቱቦዎቹን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ጊታሩን ለእኔ ሰጡኝ።

"አንተ ተጫወት" አሉኝ።

"ኧረ ባርሲሳ፣ ጎረቤት አለ።"

ከንፈሬን አንብበው ፈገግ አሉ። ተጫወትኩ። ያቺን መግቢያ፣ እንደምንም። ባርሲሳ መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ አድርገው ጣቶቼን ብቻ ያዩ ነበር። መሐል ላይ ጎንበስ ብለው ቀለበት ጣቴን ይዘው ወደ ትክክለኛ ቦታዋ አንቀሳቀሷት። ቀጭኗን ክር ነካኋት። ጠርታ ወጣች። ጠርዟ ላይ ሙቀት ያላት መሰለኝ። ወይም እንዲኖራት ስለፈለግኩ ነው።

"እንደ ድሮው ሆነ?" አሉኝ።

እንደ ድሮው መሆኑን የሚያውቀው አንድ ጆሮ ብቻ ነበር፤ እሱም ከፊቴ ተቀምጦ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። አዎ አልኩ፤ በራሴ ንቅናቄ።

ረጅም ጊዜ ፊቴን አዩት። እኔም ፊቴን አላዞርኩም።

"ጋሪዳ" አሉ፤ ደህና ነው ማለታቸው ነው። እጃቸውን ከሳጥኑ ላይ አነሱ።